ቀለም ያልነካው ወንፊት

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? አባዬስ እንዴት ነው? ወደዚች የመጨረሻ ጥያቄ ኋላ እመለሳለሁ። እኔ ናፍቆታችሁ ሆዴን ከማባባቱ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። ድንጋይ አጥባለሁ። ከጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣ፣ ድሮ የባሕር ወለል የነበረ ድንጋይ። አድቅቄ በወንፊት ሳጥበው ከአሸዋ የደቀቁ ዛጎሎች ይቀሩልኛል፤ ፕላንክተን የሚባሉ፣ ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ የኖሩ ፍጥረታት ቤት ናቸው። አንዳንዱ ዘር ብቅ ብሎ ቶሎ ስለጠፋ፣ እሱ የተገኘበት የድንጋይ ንብርብር፣ ዳይኖሰሮች ከኖሩበት ክሪቴሺየስ ከሚባለው ዘመን የትኛው ጫፍ እንደሆነ ይታወቃል።

አንድ ልማድ አለን። አንዱን ድንጋይ አጥበን ሌላውን ከመጀመራችን በፊት ወንፊቱን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ እንነክራለን። ከፊተኛው ተሰንቅሮ የቀረ ዛጎል ካለ ሰማያዊ ሆኖ ራሱን ያጋልጣል። ጋሽ ወንፊት እያልን የምናማው አለቃችን፣ ቀለም የረሳ ምሳውንም ይርሳ ይላል።

ያለፈው ማክሰኞ ቀለሙን ረሳሁ። ጠዋት ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። አባዬን ጉንፋን ቢጤ እንደያዘው ጽፈሻል፤ እንደወትሮው ከግርጌ በእጁ የሚጽፋት የሰላምታ መስመር አለች። አባዬ እስክሪብቶ ሲይዝ ግን ወረቀቱን ሊበሳው ይደርሳል። የዚህን ወረቀት ጀርባ ብዳብሰው ግን ልሙጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። በዚያ ቀን ባጠብኩት ሁለተኛ ድንጋይ ውስጥ አንዲት ነጭ ዛጎል አገኘሁ፤ የንብርብሩን ዕድሜ በብዙ ሚሊዮን ዓመት የምትቀንስ። ወንፊቱን ስላልነከርኩ ነጭነቷ ምንም አይመሰክርም፤ ከፊተኛው ድንጋይ የቀረች ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም መዘገብኳት፤ ሪፖርቱ ተፈረመ። ማንም አላወቀም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

አርብ ለአለቃዬ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ፣ ስንት ቀን ያዝሽው አለኝ። ሦስት አልኩት። እንግዲያው የሦስት ቀን ምሳ ትረሻለሽ አለና ከድንጋዩ የተረፈውን ቁራጭ ሰጠኝ። ወንፊቱን ነክሬ አጠብኩት። እንደዚያች ያለች ዛጎል የለችበትም። ሪፖርቱ ይታረማል፤ እኔም እንደገና እስክታመን ማይክሮስኮፕ አልነካም፤ የሌሎቹን ወንፊት አጥባለሁ።

እትዬ፣ አልተቀየምኩሽም። ከሐሳብ ልታሳርፊኝ ብለሽ ነው። ግን ያቺ መስመር የአንቺ እጅ ናት። አባዬ መጻፍ አቅቶታል? ወይስ፣ ጥያቄውን መጨረስ አልችልም። እኔ የእኔን ተናግሬአለሁ፤ አንቺም የሆነውን እንዳለ ጻፊልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ። ትልቁን ልጅ ትከሻውን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአባዬ ከግርጌ ያለውን ሰማያዊ የጣት አሻራ አሳዪው፤ የእኔ ነው፣ ቀለሙ አልለቅ ብሎኝ ነው። መልስ ስትጽፊልኝ እሱም ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ከግርጌ ያሳርፍልኝ። ካልቻለ፣ እባክሽ ቦታውን ባዶ ተዪው።

ታናሽ እህትሽ
ከድንጋይ ማጠቢያው ክፍል፣ ሰኞ ጥር 9 ቀን