ጣራ ላይ የወጣው ቴርሞሜትር

አክስቴ የገዛ መሥሪያ ቤታቸውን ሪፖርት ከማተሚያ ቤት አስመልሰዋል። ይሄ በሕይወት ታሪካቸው መሀል ላይ ነበር የሚመጣው፣ ግን እስከዚያ አላስቻለኝም። ሪፖርቱ ከተማው በጣም ሞቋል ይላል። እሳቸው ቁጥሩን ሲያዩት ሙቀቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘሎ ወጥቷል። "አየር እንደ ፍየል አይዘልም" ብለው ቦታው ድረስ ሄዱ። ለካ የጣቢያው ሠራተኞች ቴርሞሜትሩን ከሣሩ ላይ አንስተው ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሰቅለውታል፣ ለአጫጅ እንዲመች ተብሎ፣ ለማንም ሳይነገር። ያ ጣራ በቀትር እንቁላል ይጠብሳል።

እሺ፣ ከመጀመሪያው። በ1951 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ስታትስቲክስ ተማሩ፣ ሜትሮሎጂ ተቀጠሩ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ አገቡ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ቢሮ ውስጥ "ወይዘሮ ይጣራ" ነበር የሚሏቸው።

ያንን ዝላይ ከአካባቢው ጣቢያዎች ጋር አነጻጽረው ቀነሱት። አለቃቸው "ሙቀት አልጨመረም ለሚሉት ስንቅ ልታቀብይ ነው?" አሏቸው። ተቀንሶም ግን ሙቀቱ አልጠፋም። አነሰ እንጂ መጨመሩን አልተወም፣ በአጋጣሚ የሚመጣ ዓይነትም አልነበረም። "በሉ አሁን እፈርማለሁ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ቴርሞሜትር በነጭ ሳጥን አድርገው ግቢያቸው ውስጥ ተከሉ። ጡረታ ወጥተውም ጠዋት ጠዋት ያነቡታል። ዓምና ባለቤታቸው እግራቸውን ታመው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋሉ። በሩ ደረጃ ስላለው ለወንበሩ እስከ መንገድ ተዳፋት መተላለፊያ የሚሠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሳጥኑ የቆመበት። አክስቴ "ይነሳ፣ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አዲስ ተተክሎ ሁለቱ ሁለት ዓመት አብረው ይነበቡ። አለዚያ የቦታውን ልዩነት ከአየሩ መለየት አይቻልም" አሉ። ባለቤታቸው "ጣውንቴ ቴርሞሜትር ነው" እያሉ ይስቁ ነበር።

አዲሱ ተተክሎ ዓመት ሳይሞላው አክስቴ በኩላሊት ሕመም ተኙ፣ ትናንት ዐረፉ። ባለቤታቸውና ልጃቸው አሉ። እኔም አለሁ፣ ሁለቱንም ቴርሞሜትር የማነበው አሁን እኔ ነኝ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥላ ባለበት ያሳርፍልን።

መተላለፊያውን የሚሠራው ግንበኛ ሰኞ ይመጣል። ባለቤታቸው "እጠብቃለሁ፣ ሁለት ዓመቱ ይጨረስላት" ብለዋል። ዛሬ ግን ባለቤታቸውን ወደ ቀብሩ ለማምጣት ሁለት ሰው ተሸክሞ ነው ደረጃውን ያወረዳቸው። እናንተ ብትሆኑ ሳጥኑን ታስነሱታላችሁ?