የኩብራ ውሻ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃት? በሬያችን ቦራ አገገመ? እኔ ከቆላው ሙቀት በቀር ደህና ነኝ፤ ወባውም ዘንድሮ ምሮኛል። አብሮኝ የወረደው ምንይችል ብቻውን ሲመጣ እንዳይደነግጡ። የቀረሁት በውሻ ምክንያት ነው። ይሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ያስነብቡት።

ኩብራ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ ከአጨዳ ካምፓችን ደጅ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ይዛው የመጣችው ሱከር የሚባል ውሻ አላት። ውሻ ማለቱስ ይከብዳል፤ ከድመት ብዙም አይበልጥ፣ ጠጉሩ መሬት ይጠርጋል፣ እግሩ ቆልማማ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ያለ፣ አፍንጫው ፊቱ ውስጥ የገባ። እሷ እንደምትለው ዘሩ ከቻይና ቤተ መንግሥት ነው፤ እመቤቶች ሊያቅፉት እንጂ ለጥበቃ አላረቡትም። እኛም ስንቀልድበት ከረምን። የታመመች እናቷን ወደ ጎንደር ስትወስድ ሾፌሩ ውሻ አልጭንም አላት። «አማና» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ በእኛው አደራ ማለት ነው።

ከዚያ በጎረቤት ካምፕ አንዱን አጫጅ እብድ ውሻ ነከሰውና ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ሆስፒታል ተወሰደ። ሰዉ ሁሉ ዱላ አነሳ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ሱከር ደግሞ አፍንጫው አጭር ነውና እያንኮራፋ ለሃጩን ያዝረከርካል። «ይኸው አብዷል» አሉ። እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል ብለው በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ አቀረቡለት። ፊቱን ነከረ፣ አስነጠሰውና ወደ ኋላ ሸሸ። ምንይችል ዱላውን ሲያነሳ እኔ ውሻው ላይ ተደፋሁበት። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ፈርቼው ነበር። ኩብራ ሁልጊዜ በዝርግ ሳህን እንደምታጠጣው ትዝ አለኝ፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ነዋ፣ በጎድጓዳ ዕቃ ሲጠጣ አፍንጫው ይሰጥማል። ሳህን ፍለጋ ብሄድ አይጠብቁኝም። መዳፌን ዘርግቼ አፍስሱልኝ አልሁ። ምንይችል «ተው፣ እጅህን አትስጠው» እያለ አፈሰሰልኝ። ሱከር ላሰው፣ ጨረሰው፣ ደግሞ ፈለገ። ምንይችል ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አሁን አጨዳው አልቆ ሰዉ ወደ ደጋ እየተመለሰ ነው። ኩብራ ግን አልመጣችም፤ ስልኳም አይሠራም። ትቼው ብመጣ ያው ዱላ ይጠብቀዋል፤ ይዤው ብመጣ እሷ ስትመለስ ታጣዋለች። አደራ የበላ ደጄን አይርገጥ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ደጅዎን መርገጥ ስለምፈልግ ነው የቀረሁት።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴን ስርጉትን አይዞሽ ይበሉልኝ፤ አክስቴ አሰበችም ትመርቀኝ። ምንይችል «ልጅዎ አብዷል» ካለዎት፣ ውሃ ይጠጣል ብለው ይመልሱለት።

ልጅዎ አንዱአምላክ
ሽንፋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.