ዘይት የጠገበው ሞተርህና ያ ጋቢህ

ለደምሴ፣ ለቤቴ አባወራ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና ብቻዬን ሳቅሁ። አንተ ካለህበት ሕመም የሚባል የለም ይላሉ መምሬ ገላው። እኔ ግን ያው ነኝ፤ ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፣ ምላሴ ደህና ነው። ከተለያየን ይሄው ዓመት ሞላን። ስትሄድ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ነበር፣ አሁንም ደርሷል። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት ዘከርንልህ። የምጽፍልህም ስለሱ ነው። የአርብ ገበያን ሰው ታውቀዋለህ፤ ሰሞኑን ወደ አንተ የሚመጣ ቢኖር አጣሞ ሳያወራልህ ከእኔ ስማው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጅህ አስማረ ወፍጮውን በመብራት አደረገው። ማብሪያውን ጫን ያደርጋል፣ ይፈጫል፤ በቃ። ድምፁ ከንብ ድምፅ አይበልጥም። ሰዉማ ግራ ገባው! የአንተ ሞተር ሲጮህ ከገደሉ ማዶ ያለው ሳይቀር ወፍጮ መከፈቱን አውቆ አህያውን ይጭን ነበር። አሁን ወፍጮው እየፈጨ በር ላይ ቆመው ዛሬ ወፍጮ የለም ወይ ይሉናል። አህዮቹም በራችንን አልፈው ወደ ገበያ ይነጉዳሉ።

መምሬ ገላውንም ታስታውሳቸው የለ፣ በጾም ቅዳሴ ሰዓት ዜማዬን አጠፋው እያሉ ስንት ጊዜ ከሰሱህ። አሁን ጸጥ ሲል ደግሞ ሌላ ክስ አመጡ። ድሮ ከሞተሩ በላይ ለመሰማት ስንል ድምፃችን ይወጣ ነበር፣ ዛሬ ዲያቆናቱ ቆመው ያንቀላፋሉ አሉኝ። ምን ላድርግልዎ አባቴ፣ እሱን ከመቃብር አላስነሳው አልኳቸው።

ያን ሞተር ያመጣህበትን ቀን አልረሳውም። እኔ አልጋ ይዘህ ትመጣለህ ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ፣ አንተ መንገድ ሲሠራ ተበላሽቶ ከቀረ አሮጌ ዶዘር ላይ ያስፈታኸውን የብረት ክምር በጭነት መኪና አስጭነህ ከች አልክ። ቱ ስትሮክ ነው አልከኝ፣ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፊትህ እያበራ። ሌላው ሞተር ሁለቴ ወጥቶ ወርዶ አንዴ ይሠራል፣ ይሄ ግን በወጣ በወረደ ቁጥር ይሠራል ብለህ በእጅህ እያሳየህ አስረዳኸኝ። ምነው ባለቤቱም እንደሱ በሆነ አልኩህ። ጣራው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስብኝ ነበር እኮ!

ከዚያ ወዲያ አንተም ቤቱም ናፍጣ ናፍጣ ሸተታችሁ። ያን ጋቢህን በእንዶድ ብዘፈዝፈው፣ በሳሙና ብፈትገው፣ ሽታው ንቅንቅ አይልም። ያገባሁት ሰው ነው ወይስ በርሜል እያልኩ ስንት ዘመን ጨቀጨቅሁህ። አንተ ትስቃለህ፣ እጅህንም በጋቢው ትጠርጋለህ።

ስታርፍ ልብስህን እንደ ደንቡ ለነዳያን ሰጠሁ። ጋቢውን ግን ሳጥን ውስጥ ሸሸግሁት። መምሬ ገላው ጋቢውስ ብለው ጠየቁኝ፤ እሱን እንኳን ለእርስዎ ለማንም አልሰጥም አልኩ፣ ተዉኝ። ሆድ ሲብሰኝ ሳጥኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ። ያ ስሰድበው የኖርኩት ናፍጣ! ነገር ግን በከፈትኩት ቁጥር ሽታው እየሳሳ ሄደ። ፈራሁና ለዓመት በዓል ብቻ እከፍተው ጀመርኩ። ለመስቀል ስከፍተው የሳጥኑ እንጨት ብቻ ሸተተኝ። ያን ቀን አምርሬ አለቀስኩ። ከቀብርህ ቀን ይልቅ የዚያን ዕለት የሄድክ መሰለኝ፣ ደምሴ።

እንግዲህ ወደ ሙት ዓመትህ ልምጣ። የድግሱ እህል ሊፈጭ ማኅበርተኛው ሁሉ ወፍጮ ቤት ተሰብስቦ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ያኔ አንዱ፣ ምን ሌላ ሰው እንለምናለን፣ የደምሴ ሞተር ቆሞ የለም ወይ አለ። አስማረ ሸራውን ገለጠው። ሰዉ ሞተሩን እንዲያ አቧራ ለብሶ ሲያየው አዘነለት። ይሄ ፍጥረት ዓመት ሙሉ ጾሞ ከረመ እኮ ተባለ። አንዱ ሮጦ የሞተር ዘይት ገዝቶ መጣና ጨመረ። ሌላው እኔስ ምን ቆርጦኝ ብሎ እሱም ደገመ። አስማረ ልኩ ሞልቷል፣ ይበቃዋል ቢል ማን ሰምቶት። አፈር ስሆን፣ በደምሴ ሞት፣ ይቺን ብቻ፣ እያሉ ልክ እንደ እንግዳ አጎረሱት። በደምሴ ሞት ሲባል እምቢ ማለትማ ለልጅህም ነውር ሆነበት። እኔም የቤቱ እመቤት ሆኜ እጄን አጣጥፌ ብቆም ምን ይሉኛል ብዬ አንድ ጣሳ አከልኩ። መምሬ ገላውም ባረኩለት።

ተነሳልህ! ሳል ሳል አለና ነጭ ጭስ ተፍቶ ያን ጩኸቱን ለቀቀው። ሽማግሌዎቹ እንባቸውን ጠረጉ። ከማዶ ሰው አህያውን እየነዳ ብቅ ሲል አየሁና እኔም አለቀስኩ። ለቅሶዬን ሳልጨርስ ጩኸቱ ከፍ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ። አስማረ ናፍጣውን ዘጋበት። እሱ ምን ቸገረው፣ ያጎረስነውን ዘይት እያነደደ ይብስበት ጀመር። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ወልቆ ዶሮዎቹ መሃል ወደቀ። ጣራው ተንቀጠቀጠ። ሊፈነዳ ነው ሲባል ያ ሁሉ አጉራሽ በአንድ በር ወጣ። መምሬ ገላው ከደጅ መስቀላቸውን ዘርግተው እንደ ርኩስ መንፈስ ልቀቅ ይሉታል፤ ማንን እንደሚለቅ እንጃ።

አስማረ ግን አልወጣም። ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ በባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሊደፍነው ቢሞክር ቦጫጭቆ ጣለበት። ና ውጣ ብዬ ብጮህ አይሰማኝም። የአንተን ሞተር ጥዬ አልወጣም ማለቱ ነው፣ ግትርነቱን ከማን እንዳመጣው አንተ ታውቃለህ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲያብድብህ ጋቢህን አጥፈህ አፉ ላይ ደፍነህበት፣ ከጠገበ በኋላ ትንፋሹን መከልከል ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም ብለኸኝ ነበር። የእኔ ነጠላ ስስ ነው፣ አይረባም። ሮጥኩ። በዚህ ጉልበቴ፣ እውነቴን ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ጋቢህን አወጣሁ። ለአፍታ አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ ምንም የለም። ልጄ ይበልጥብኛል፣ ይቅር በለኝ አልኩህ። አጣጥፌ አምጥቼ ሞተሩ አፍ ላይ ወተፍኩት፣ አስማረም በላዩ ተጫነው። ሞተሩ አንዴ ጎተተ፣ ተንገፈገፈ፣ ጭጭ አለ።

ጸጥ ባለ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? መብራቱ! አስማረ መሬት ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እህሉ በመብራት ተፈጨ፣ ድግሱም አማረ። ካህናቱ ግን ነጠላቸው ጥቀርሻ እንደለበሰ ነው ጸሎቱን ያደረሱልህ። ሰው ሁሉ የደምሴ ሙት ዓመት ደምሴን መሰለ አለ።

ጋቢህ ጫፉ ተበልቷል፣ መሃሉ ጠቁሯል። ጎረቤቶቼ አምጪው በእንዶድ እንጠብልሽ ብለው ያዙት። ነጠቅኋቸው። እንግዳው ሲሸኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ናፍጣ! ያው የድሮው ናፍጣ፣ ያው አንተ። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አስማረ ሞተሩን ለቁራሌው እንስጠው ይል የነበረውን ትቷል። በየዓመቱ ለመታሰቢያህ እናስነሳዋለን፣ ዘይቱን በልኩ ነው እንጂ፤ በማንም ሞት ቢለምኑኝ አላጎርስም። ጋቢህን ወደ ሳጥን አልመለስኩትም፣ ለብሼው ነው የማድረው። አንሶላው ሸቷል፣ ፀጉሬ ሸቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ስቆም ሴቶቹ ፈንጠር ይሉልኛል። ይበሉ። እስክመጣ እንደዚህ ነው የማስብህ። ስመጣም በር ላይ ቆመህ አትፈልገኝ፣ ደምሴ፤ በናፍጣ ሽታዬ ታውቀኛለህ።

ያንተው ጨቅጫቃ፣
ብርቄ