ፓይዋይፕን ባሕር ያሻገሩት የዊልፍሬድ ኦድሊንግ የሕይወት ታሪክ

ዊልፍሬድ ኦድሊንግ ከአባታቸው ከኸርበርት ኦድሊንግና ከእናታቸው ከኤቭሊን ስታርክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1943 በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር፣ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም በማትርቀው በማርሽቶርፕ መንደር ተወለዱ። በ“ማርሽ” የሚጀምረው የመንደሯ ስም አስቀድሞ ለመኪና ሰው የተመረጠ ይመስላል። አባታቸው የትራክተርና የድንች መልቀሚያ ማሽን ጠጋኝ ሲሆኑ፣ እናታቸው በመንደሩ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ሃርሞኒየም ይጫወቱ ነበር።

በስምንት ዓመታቸው ይህንኑ ሃርሞኒየም ማንንም ሳያስፈቅዱ ፈታተው፣ እሑድ ሳይደርስ መልሰው ገጠሙት። ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ያማረ ሆነ፤ ነገር ግን አንድ የእንጨት ቁራጭ ተርፎ ተገኘ። እናታቸው ቁራጩን ይዘው “ዊልፍ፣ ይሄ ከየት የመጣ ነው?” ቢሏቸው፣ “ትርፍ ነው እማማ” ብለው መለሱ። ቁራጩ ለብዙ ዓመታት የማድ ቤቱ መስኮት መደገፊያ ሆኖ አገልግሏል።

ትምህርታቸውን በመንደራቸው ተከታትለው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ሲያጠናቅቁ፣ ርእሰ መምህሩ በምስክር ወረቀታቸው ላይ “እጁ ከአፉ ይፈጥናል” የሚል አስተያየት ጻፉላቸው። ቤተሰቡ ከዚህ የተሻለ አጭር የሕይወት ታሪክ አላገኘም። የሚቀጥለው ሁሉ የዚሁ ማብራሪያ ነው።

በ1960 በአንድ አነስተኛ የስፖርት መኪና መሥሪያ ተቀጠሩ። በዚያን ዘመን በአገሩ ሕግ ተሠርታ ያለቀች መኪና ከባድ ቀረጥ ይጣልባታል፤ ተበታትና በሳጥን የተሸጠች ግን ይቀርላታል። ታዲያ ሳጥኑ ውስጥ የመኪናው አገጣጠም የሚነገርበት ወረቀት መጨመር ክልክል ነበር። የመኪና ሠሪዎቹ ብልኃት አላጡም፤ መኪናው እንዴት እንደሚፈታ የሚገልጽ ወረቀት ይጨምሩ ነበር። ገዢው ከታች ወደ ላይ እያነበበ ይገጥማል። ዊልፍሬድ ይህን ወረቀት በመጻፍ ተካኑ። ሕጉ ተሽሮ ሌላው ሠሪ ሁሉ አገጣጠም መጻፍ ሲጀምር እንኳ እርሳቸው የአፈታቱን መጻፍ አልተዉም። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ገዢው ለመፍታት ካልሆነ በቀር መኪናዬን ባይነካብኝ እመርጣለሁ ይሉ ነበር።

በ1968 ከወይዘሮ ሙሪየል ካፕልዲች ጋር እናታቸው ሃርሞኒየም በሚጫወቱበት በመንደሩ ጸሎት ቤት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወይዘሮ ሙሪየል ያን ጊዜ በሉዝ ከተማ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ምላሳቸውም ከመቁረጫቸው የሚያንስ አልነበረም። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው ዘግይተው የመጡት የሙሽሪትን መኪና ፍሬን ሲያጠብቁ ነው። “ለምንድን ነው የምታጠብቀው? ሐሳቤን ቀይሬ እንዳልመለስ ነው?” ሙሽሪት ማለታቸው እስከ ዛሬ በመንደሩ ይተረካል። በ1971 አንዲት ሴት ልጃቸው ሄስተር ተወለደች።

በ1974 አሮጌውን የድንች መጋዘን አድሰው የራሳቸውን መሥሪያ ከፈቱ። ፓይዋይፕ የምትባለው መኪናቸው የተወለደችው እዚያ ነው። ፓይዋይፕ በአገሩ ቋንቋ በረግረጉ ላይ የምትጮኽ የወፍ ስም ነው። መኪናዋ ሁለት ወንበር አላት፤ ጣሪያ የላትም፤ በርም የላትም። “ታዲያ በየት ነው የሚገባው?” ብሎ ለጠየቀ፣ “እግርህን አንሥተህ” ይሉት ነበር። ቀለሟ ቢጫ ነው። ሌላ ቀለም የፈለገ ሰው ገዝቶ ሲያበቃ ራሱ ይቀባት።

ዊልፍሬድ ደግ፣ ተጫዋችና ለጋስ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ ብሎን ለማንም አያስጠብቁም። ገዢው ራሱ ሊገጥማት ተበታትና መላክ የሚገባት መኪና ከእርሳቸው ዘንድ ስትወጣ ጎማዋ ብቻ ይቀራት ነበር። ሄስተር አድጋ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ተምራ፣ የአውራጃውን ትራክተር ሁሉ ስትፈታና ስትገጥም፣ በአባቷ ቤት የተፈቀደላት መብራት መያዝ ብቻ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለውን የሚያምኑ ይመስሉ ነበር። ሄስተር ግን ከዚያ መጋዘን ሌላ የምትመኘው የሥራ ቦታ አልነበራትም። ይህ ነገር በአባትና በልጅ መካከል ለዓመታት ሳይነገር የኖረ ቅሬታ ነው።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓይዋይፕ ወደ ውጭ አገር መሸጥ ጀመረች፤ ያኔም ዊልፍሬድ እያንዳንዱ አገር የራሱ አመል እንዳለው ተረዱ። እንግሊዝ የፊት መብራት ነጭ ይሁን ስትል ፈረንሳይ ቢጫ ካልሆነ አለች። ቢጫ አምፖል በጅምላ ገዝተው ባከማቹ ማግሥት ፈረንሳይ ሕጓን ቀየረች። የኦድሊንግ ቤተሰብ የዶሮ ቤት እስከ ዛሬ በቢጫ የመኪና አምፖል ይበራል። ጀርመን ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ ማኅተም ይኑረው አለች። ዊልፍሬድ ከጀርመኑ ፈታሽ ጋር በጎን መስተዋት የተነሣ ተከራክረዋል።

“በመስተዋቱ ፊትህን ታያለህ?” አሉት።

“አያለሁ።”

“እንግዲያ መስተዋት ነው።”

“ሚስተር ኦድሊንግ፣ እኔ የምፈልገው ፊቴን ሳይሆን ማኅተሙን ነው” አላቸው። መስተዋቱ ተቀየረ።

የሕይወታቸው ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ1993 ከስዊድን ነው። ጉንቮር ኦስሉንድ የምትባል የሄርኖሳንድ መምህርት ፓይዋይፕን አዘዘች። በስዊድን ሕግ አንድ ሰው መኪና ሠርቶ ታርጋ ሊያወጣላት ይችላል፤ ነገር ግን በገዛ እጁ የሠራት መሆን አለባት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንደሚባለው ነው። ዊልፍሬድ ሕጉን አንብበውታል። ይሁን እንጂ እንግዳ ሰው አይድከም ብለው የመጨረሻዋን የብሎን ዳዶ ሳይቀር አጥብቀው ላኩላት። የስዊድኑ ፈታሽ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ ይህንን ብሎን ማን አጠበቀው ብሎ ጠየቀ። ጉንቮር ውሸት አታውቅም።

“ሚስተር ኦድሊንግ” አለች።

“ይኸኛውንስ?”

“እሱንም ሚስተር ኦድሊንግ።”

“እርስዎ ታዲያ ምን ሠሩ?”

“ጎማ ገጠምኩ። ከዚያ ደግሞ አጠብኳት።”

“ጥሩ መኪና ናት” አላት ፈታሹ፤ “የእርስዎ ግን አይደለችም።” ታርጋውን ከለከላት።

ጉንቮር ደውላ ይህንን ስትነግራቸው ዊልፍሬድ ክፉኛ ተናደዱ። በደንብ ስለተሠራች የተከለከለች መኪና ሰምተው አያውቁምና። ወይዘሮ ሙሪየል ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “የስዊድን መንግሥት ዛሬ የደረሰበትን እኮ እኔ ካወቅኩት ሃያ አምስት ዓመቴ ነው” አሏቸው። ሄስተር አልሳቀችም። “አባባ፣ ሂድና ፍታላት። ከዚያ እሷ ትግጠማት” አለች። እናቷም እጁን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብለው እርሷኑ አስከትለው ላኳቸው።

ዊልፍሬድ ሄርኖሳንድ ደርሰው የገዛ እጃቸውን ሥራ ፈቱ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኸው ነበር። የጉንቮር ጋራዥ ሁሉ በላሜራና በብሎን ባልዲ ሲሞላ ፈታሹ መጥቶ አየና እንደ አዲስ ለመጀመር ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ዊልፍሬድ ምንም ላይነኩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያንን ሳምንት ቤተሰቡ የሚያውቀው ሄስተር እንደምትተርከው ነው። ጉንቮር ካቻቢቴ ባነሣች ቁጥር እርሳቸው ከወንበራቸው ይነሡ ነበር።

“ቁጭ በል አባባ።”

“ላሳያት ብቻ ነው።”

“በአፍህ አሳያት።”

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። አፋቸው አልሠራም። መሪው ከጎማ ማዞሪያው ዘንግ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ሊናገሩ ጀምረው፣ “ያንን... ወደዚህ... አይ፣ ወደዚያ... እ፣ እንዲህ ነዋ!” ብለው በአየር ላይ በእጃቸው አጠበቁት። ጉንቮር ግራ ተጋብታ ቆመች። ያን ጊዜ ሄስተር ጎንበስ ብላ፣ መጀመሪያ የቱ እንደሚገባ፣ የቱ ሳይጠብቅ እንደሚቆይ፣ የቱ በስተመጨረሻ እንደሚያዝ ቀስ ብላ አስረዳች። ጉንቮር እንደተነገራት አደረገች፤ መሪው ገባ። ዊልፍሬድ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ይሄን ማን አስተማረሽ?”

“አንተ ነሃ። መብራት ያዢልኝ እያልክ። መብራቱ እኮ ለእኔም ያበራ ነበር።”

ወይዘሪት ጉንቮር በዚህ ጊዜ ድንገት ከጓሮ የምታመጣው ዕቃ ትዝ አላት። አባትና ልጅ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። ዊልፍሬድ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ከወንበራቸው እንዳልተነሡ ግን ይታወቃል።

ፈታሹ ተመልሶ ሲመጣ ለጥያቄው ሁሉ ጉንቮር “እኔ” ብላ መለሰች። ከታርጋው ማንጠልጠያ ላይ አንዷ ብሎን ተጣምማ ገብታ አገኘና፣ ይህቺ ጠማማ ናት አላት። “እሷማ ምስክሬ ናት፤ ሚስተር ኦድሊንግ እንዲህ ያጠብቃሉ?” አለችው። ፈታሹ ሳቀ፤ ታርጋውም ተፈቀደ። ዊልፍሬድ ያቺን ጠማማ ብሎን ከሁለት ቀን በፊት አይተው ዝም ብለዋል። በሕይወታቸው የሠሩት ከባዱ ሥራ እርሱ እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

ከስዊድን እንደተመለሱ የመሥሪያው ሰሌዳ “ኦድሊንግና ሴት ልጁ” ተብሎ ተጻፈ። የሄስተር ደስታ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ፓይዋይፕ ኖርዌይን፣ ሆላንድንና ዴንማርክን ረገጠች፤ ጉንቮርም የተማሪዎቿን ወላጆች እያስቀናች ነዳቻት። ሆኖም አመል እስከ መቃብር ይከተላል። ዊልፍሬድ ልጃቸው ያጠበቀችውን ብሎን እርሷ ለምሳ ስትወጣ ገብተው በራሳቸው የብሎን መፍቻ ቁልፍ መሞከር አልተዉም። ሄስተር ይህንን ስለጠረጠረች በየዳዶው ላይ ነጭ ቀለም ነጠብ አድርጋ ትወጣለች፤ ስትመለስ የአባቷ ጣት ነጭ ነው። “አባባ፣ ዛሬስ ስንቱ ላልቶ አገኘኸው?” ትላቸዋለች። እርሳቸውም ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ “የምን ብሎን?” ይሏታል። አንድም ላልቶ ያገኙት አልነበረም። ይህንን ለሙሪየል አምነዋል፤ ለሄስተር ግን አልነገሯትም። እርሷም በሳቋ ውስጥ ያንን ቃል ስትጠብቅ ብዙ ዓመት ቆየች።

በ2010 ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለልጃቸው አስረከቡ። ማስረከብ ማለት ማልደው መምጣት ከሆነ አስረክበዋል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ወደ ውጭ የሚላክ ሁሉ ወረቀቱ ሲበዛ፣ “ባሕሩ ያው ነው፤ ወረቀቱ ነው የሰፋው” ብለው አጽናኗት። በጸሎት ቤታቸው ለሠላሳ ዓመታት በሽማግሌነት አገልግለዋል፤ ሃርሞኒየሙንም እስከ መጨረሻው ሌላ ሰው እንዲጠግነው አልፈቀዱም። ለልጅ ልጃቸው ለአይሪስ ብስክሌት ሠርተውላታል። ብስክሌቷ አይሪስን እየጠበቀች ለረጅም ጊዜ ቆማለች፤ ሠሪዋ አያቷ ራሳቸው እየነዱ ሞክረዋት ገና አልጨረሱም ነበርና።

በ2021 በልባቸው ላይ ድካም ታይቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በነሐሴ 2022 ሕመሙ ሲጸናባቸው፣ ሄስተር ወደ ኖርዌይ የምትሄደውን ፓይዋይፕ በሳጥን ከትታ ክዳኑን በሚስማር ልትመታ ተዘጋጅታ ነበር። አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወደ መጋዘኑ አመጣቻቸው። ቁልፋቸውንም አምጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው፤ እንደማይተዉት ታውቃለችና።

“አባባ፣ ሳይዘጋ እይልኝ” አለቻቸው።

ዊልፍሬድ ቁልፉን አንሥተው ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

“ዝጊው” አሏት።

“አላየኸውም እኮ።”

“አንቺን አይቼሻለሁ” አሉ።

ሄስተር እያለቀሰች ክዳኑን መታችው። እርሳቸውም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክትጨርስ ጠበቋት።

ዊልፍሬድ ኦድሊንግ መስከረም 11 ቀን 2022 በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሪየል፣ ልጃቸው ሄስተር፣ አማቻቸው ዳንካን፣ የልጅ ልጃቸው አይሪስ፣ እንዲሁም በሰባት አገር ሕግ የሚሄዱ ሰባ አንድ ፓይዋይፖች ከነባለቤቶቻቸው ቀርተውላቸዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቋቸው፣ ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ለሸኟቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሁሉን የሠራ አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን፤ አርፈው ለማያውቁት እጆቻቸውም ዕረፍት ይስጥልን። አሜን።