ሙታን ሁሉ የሆስፒታል ሰፈር ሰዎች ስለሆኑበት ጥናት

ለተከበሩ የከተማችን የሞት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የምትጠጡት ውኃ በደኅና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ባለፈው ወር በተቅማጥ የሞተች የስድስት ዓመት ልጅ ወንድም ነኝ። ከተማችን እንዲህ ስትሰፋ ማን የት እንደሚሞት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጥረው በሰንጠረዥ ስላወጡልን እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በጥናትዎ መሠረት የእኛ የቆዳ ፋብሪካ ሰፈር በዓመት ሁለት ሰው ብቻ የሞተበት፣ ከከተማው አንደኛ ጤናማ ሰፈር ነው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሆስፒታል አንሄድም ብለው እቤታቸው የሞቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ሌሎቻችን ሆስፒታል ሄደን ስለምንሞት የተቆጠርነው በሆስፒታሉ ሰፈር ነው።

፪. እህቴ እዚያ የቆየችው አራት ሰዓት ነው፤ ያውም ኮሪደር ላይ፣ በእናቴ ጭን። አሥር ዓመት ሙሉ ተከራይተን የነዋሪነት መታወቂያ ስንለምን ለኖርን ሰዎች፣ እሷን በአራት ሰዓት ነዋሪ ስላደረጉልን ውለታዎ ከባድ ነው። ይታረም ብዬ ብጠይቅም የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «የኔ ወንድም፣ ሟች ደግሞ ምን አድራሻ አለው?» ብለው አጽናንተውኛል።

፫. ሟቾች የሚመዘገቡባቸው ካርዶች ግን ጀርባቸው ላይ የመኖሪያ አድራሻ አላቸው። የሒሳብ መምህሬ በጻፉልኝ ደብዳቤ መዝገብ ቤቱ ገብቼ፣ ሳምንት ሙሉ እያገላበጥኩ ቆጠርኩ። በዓመቱ ከሰፈራችን የሞተው አርባ አንድ ሰው ነው፤ ሃያ ዘጠኙ ሕፃናት ናቸው፤ ከእነሱም ሃያ ስድስቱ ከፋብሪካው ጀርባ ካለው ጉድጓድ የሚቀዱ ቤቶች ልጆች ናቸው። እርስዎ ግን፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነና፣ አዲሱን የቧንቧ መስመር ለሆስፒታሉ ሰፈር አስወሰኑ።

ጉድጓዱ ዛሬም ክፍት ነው። እናቴ ውኃ ማፍላት ጀምራለች፤ ጎረቤቶቻችን ግን ጥናትዎ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ «የእኛማ ውኃ የተመሰከረለት ነው» እያሉ ሳያፈሉ ይጠጣሉ። ካርዱን ገልብጠው እንደገና እስኪቆጥሩ ድረስ፣ እባክዎ ጉድጓዱን ያስዘጉልን።

በሕይወት ሳለ ከየትኛውም ሰንጠረዥዎ ያልገባ፣ ሲሞት ግን የተሻለ ሰፈር እንደሚሰጡት የሚተማመን፣

ታዛዥዎ የሟቿ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የጎረቤታችን የአምስት ዓመት ልጅ ታመመ። እቤቱ ቢሞት ለሰፈራችን ይቆጠርልን ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ማሰቤንም ለራሴ ይቅር አልልም። ከአባቱ ጋር እየተቀባበልን ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። ዛሬ ጠዋት ሞተ። እንኳን ደስ አለዎት፤ ሰፈራችን አሁንም አንደኛ ነው።