ዝንጅብል መብላት ያቆመችበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2015

ዝንጅብል ዛሬም አልበላችም። ዘጠነኛ ቀኗ። ክሪኬት የሚሏቸውን ፌንጣዎች ካልሲየም ዱቄት ነስንሼባቸው አፍንጫዋ ሥር ለቀቅኩላት፤ አይታቸው ፊቷን አዞረች። ልጄ ሶስና ኮሌጅ ስትሄድ “አባ፣ አደራ” ብላ የተወችልኝ ሌፐርድ ጌኮ ናት። ቢጫ፣ ባለ ነጠብጣብ እንሽላሊት። ስቧን የምታጠራቅመው ጅራቷ ላይ ነው፤ ጅራቷ ደግሞ በየቀኑ እየቀጠነ ነው። በወጥ ቤቱ ሚዛን መዘንኳት፤ አራት ግራም ቀንሳለች። ሶስና ቅዳሜ ትመጣለች። በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?

የተረፉትን ክሪኬቶች ለቅሜ አወጣሁ፤ አለዚያ እሷኑ ይነክሷታል። አንዱ ሶፋ ሥር ገብቶ ጠፋ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ 7

ከሥራ በፊት ጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጌ ደንዉዲ ሰፈር ያለች የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ አፏን፣ ሆዷን፣ ጣቶቿን አየች። በሽታ የለባትም። ሆዷ ካልሞቀ ግን ምግብ አይፈጭላትም፣ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይሠራል ወይ? አለችኝ። “እንዴታ!” አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ማታ እራት በልቼ ቴርሞሜትሩን ሳየው ሁሌም ሰማንያ ስምንት ፋራናይት ነው።

አማቴ እማማ አስካለ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። “ለእባብ ዘመድ ይህ ሁሉ ወግ!” ብለው ሳቁብኝ።

ሐሙስ፣ 8

የምነዳው የሆቴሉ እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ብሬኩ አስቸገረና ኢስት ፖይንት ጋራዥ ጥዬው በጓደኛዬ መኪና በቀትር ቤት ገባሁ። ሳሎን ውስጥ አንድም የተሰካ ነገር የለም! ቲቪው፣ ኢንተርኔቱ፣ ቶስተሩ፣ የዝንጅብል ማሞቂያ። ገመዶቹ በሥርዓት ተጠቅልለዋል። እጄን የመስታወት ቤቷ ውስጥ ብከት ወለሉ ቀዝቅዟል።

“መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላላ፣ ልጄ” አሉኝ እማማ። “ማታ የመኪናህን ድምፅ ስሰማ መልሼ እሰካዋለሁ።”

እውነታቸውን ነው፤ እኛም አዲስ አበባ ሁለት ፍሪጅ እንዲሁ ተቃጥሎብናል። ግን ንድድ አልኩ። ልጮህ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ አማቴ ናቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ “እማማ፣ ይህቺ ሆዷን ከበረዳት ትሞታለች” አልኳቸው።

ክው አሉ። “እኔ ነኛ የምገድላት?”

ዓርብ፣ 9

እማማ ወንበር ስበው መስታወቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። በየሰዓቱ ይደውሉልኛል። ከኤርፖርት አምስት ተሳፋሪ ጭኜ በስፒከር፦ “ሰማንያ ዘጠኝ ሆነ! ይብቃት ወይስ ልጨምር?” አይጨምሩ፣ እማማ፣ በእግዚአብሔር።

አሁንም አልበላችም። ግን ከጎጆዋ ወጥታ ሙቀቱ ላይ ተዘርራለች። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ፣ 10

ሶስና መጣች። ምን እንደምላት ጠዋቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር፤ እማማ በር ላይ ቀደሙኝ። “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባትሽን እንዳትቆጪው።” ሶስና የዝንጅብልን ጅራት አይታ ዓይኗን እንባ ሞላው። “ኢትስ ኦኬ፣ አያቴ፣ አልሞተችም እኮ” አለች። ቀጥላ ወደ እኔ፦ “አንተ ግን፣ አባ፣ ላይክ፣ ቀን ቀን ቼክ አታደርግም ነበር?”

አፈርኩ።

እሑድ፣ 11

በላች!! ሦስት ትል! ያጎረሷት እማማ ናቸው፣ በወረንጦ፣ “ብይ በሞቴ” እያሉ። ሦስተኛውን ስትውጥ ሁላችንም አጨበጨብን፤ ባለቤቴ እንኳ እልል አለች።

ምሳ ላይ ሶስና አዲሱ አፓርትመንቷ የቤት እንስሳ እንደሚፈቅድ ነገረችን። “ነገ ይዣት እሄዳለሁ።”

ማንም አልጎረሰም። እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “በዚህ አቅሟ መንገድ? እስከ ገና እዚሁ ታገግም።”

ሶስና ወደ እኔ ዞረች። “አባ፣ እውነት ነው?”

“ሐኪሟም እንደዚያው ነው ያለችኝ” አልኩ፣ ዓይኔን ከሳህኔ ሳላነሳ።

ሐኪሟ ስለ መንገድ አንዲት ቃል አልወጣትም።