ከአይፈለጌ መልዕክት መሀል የወጣ ቀጠሮ

ሰኞ

ዛሬ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። እሺ፣ ሁሉንም አይደለም። ታክሲው ፈጥኖብኝ ነው እንጂ ግማሹን። ግማሹም ባይሆን አንድ የጥርስ ሐኪምና ሁለት «የሚከራይ ቤት»። ቢሆንም የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ከክፍላችን አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ። (ስድስት ነበርን።)

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጃንጥላና ዚፕ እጠግናለሁ። ዛሬ ሰማዩ ጠራ፣ ደንበኛ ጠፋ። ስልኬን አወጣሁና ከፍቼው የማላውቀውን ቦታ ሁሉ እያነበብኩ መክፈት ጀመርኩ። «አይ-ፈ-ለ-ጌ መ-ል-ዕ-ክ-ት» የሚል አገኘሁ። ገባሁ። ሎተሪ ደርሶሃል፣ ሎተሪ ደርሶሃል፣ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት፣ ሎተሪ። መሀል ላይ ግን ዓይን የተሳለባቸው አራት ደብዳቤዎች። የመጀመሪያውን አነበብኩ። «ለወይዘሮ ዘይነባ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተራዎ ደርሷል።» ቀኑ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። የመጨረሻው ደግሞ «ባለመምጣትዎ ተራዎ ለሌላ ተሰጥቷል» ይላል።

ስሟን ደግሜ አነበብኩት።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ ጨርቅ ትሸጣለች። ግቢያችንም አንድ ነው። ማንበብ ሳልችል ወረቀቴን ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። «ሽሜ፣ እስከ መቼ ነው እኔ ላንተ ዓይን የምሆነው?» እያለች ማታ ትምህርት ያስገባችኝም እሷ ናት። አሁን ሞራው አንዱን ዓይኗን ዘግቶ ሌላውን ጀምሮታል። ሰማያዊ ሲሏት አረንጓዴ ትቆርጣለች። ስልኳም ታክሲ ውስጥ ቀርቷል። ሐኪም ቤቱ ሄዳ ስትጠይቅ «በኢሜይል ይመጣልዎታል» ብለው መለሷት። ኢሜይሉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ማክሰኞ

ሱቄን ሳልከፍት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ተገኘሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ እስክጨርስ ሰማችኝ። ለቅዳሜ የሚቀር ሰው ካለ እንተካቸዋለን አለች። ካለ በኢሜይል እንጽፋለን፤ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት «እንመጣለን» ካላላችሁ ግን ለሚቀጥለው ሰው ነው። የስልክ ቁጥሬን ልስጥሽ ብላት «ለሁሉም ስደውል ልውል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከቅዳሜ ወዲያ ያለው ዙር ከክረምት በኋላ ነው። እስከዚያ ሁለተኛው ዓይኗም ይዘጋል።

አሁን ወደ ጥፋተኛው። እኔ፣ እትዬና ወልዴ (ከወዲያኛው ሱቅ የቡታጋዝ ምድጃ የሚጠግነው) ድሮ አንድ የፖስታ ሳጥን ለሦስት ነበር የምንጠቀመው። ኢሜይል ሲመጣም ያንኑ አደረግን፦ አንድ አድራሻ ለሦስት፣ በእኔና በወልዴ ስልክ። ሎተሪው ሲበዛ ወልዴ አንድ ምልክት አሳየኝ። «ይቺን ስትጫናት ሁለተኛ አይመጣም» አለኝ። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሦስታችንንም ደጃፍ መጥረግ ልማዴ ነው። መጥረጊያውን አስቀምጬ ሳጥኑንም መጥረግ ጀመርኩ። ማንበብ አልችል፣ የምለየው በሥዕል ነው። ዓይን የተሳለበትን መነጽር ሻጭ ነው ብዬ ጠረግኩት። ለወልዴም «መነጽር ሻጭ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ ይጠርገው ጀመር።

ወደ ማታ ሱቅ ስንዘጋ ለእትዬ ነገርኳት። የጠረግኩት እኔ ነኝ አልኳት። ሳቀች። ሻሿ እስኪፈታ ሳቀች። «ሽሜ፣ ዓይኔን ከነአቧራው ጠረግከው በለኛ!» አለችኝ። ቀለለኝ።

ረቡዕ

ስድስት ኪሎ፣ ብርሃኑ ፎቶ ኮፒ ቤት። ብርሃኑ የተማሪ ወረቀት ሲያባዛ የሸበተ ሰው ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

«ሳጥኑ ምን ያድርግ? ካንተ ጣት ነው የተማረው» አለኝ።

«እንግዲያው አሁን ፊደል የቆጠረ ጣት መጥቶለታል። እንደገና ይማር» አልኩት።

«አይ ሼባ!» አለና ኮምፒውተሩን ለቀቀልኝ።

የተሠራው፦

አራቱንም ደብዳቤ «አይፈለጌ አይደለም» የሚለውን እየተጫንኩ አወጣኋቸው። አንድ በአንድ።

የሐኪም ቤቱን አድራሻ ከምናውቃቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባነው።

«ከዚህ አድራሻ የመጣ በጭራሽ ወደ አይፈለጌ አይሂድ» የሚል ትዕዛዝ አስቀመጥን። ይሄ በኮምፒውተር ነው የሚሻለው አለ ብርሃኑ።

በመጨረሻ ራሴ ጻፍኩላቸው። የምትጽፍለትን ሰው ሳጥኑ ወዳጅህ ነው ብሎ ይይዘዋል አሉ። «ለቅዳሜ ዝግጁ ነን። ሽመልስ ነኝ። ስለ ወይዘሮ ዘይነባ።» ሦስት መስመር፣ አንድ ሰዓት። ወረፋ የያዘች ተማሪ ከኋላዬ ሁለቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ትተንፍስ።

ስጋት፦ የሚቀር ሰው ባይኖርስ? ለሰው መቅረት ጸልዬ አላውቅም። ዛሬ ግን ትንሽ ሳልጸልይ አልቀረሁም።

ሐሙስ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አጋድሜ ቁጭ። አንዲት ጃንጥላ አልነካሁም። ሦስት ሰዓት፣ ምንም። አራት ሰዓት፣ ሎተሪ እንኳ የለም። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ብልጭ አለ። ዓይኑ! ማንበብ ጀመርኩ። «የ-ዓ-ይ-ን ቀ-ዶ...» ስል ደብዳቤው ከፊቴ ተነነ። እያየሁት!

ወልዴ ሱቅ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«ወልዴ፣ ምን አደረግክ?»

«አጸዳሁልህ ነዋ። ያ መነጽር ሻጭ ተመልሶ መጣ።»

ወልዴ ማንበብ ይችላል እኮ! ግን እኔ መነጽር ሻጭ ነው ካልኩት ወዲህ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ነው የሚጠርገው። መሳሳቴን ለሱ አልነገርኩትም ነበር። የብርሃኑ ትዕዛዝ ማሽኑን ነው የሚያግደው፣ የወልዴን ጣት አያግድም።

«የእትዬ ዓይን ነው እኮ!» ስለው ፊቱ ዐመድ መሰለ። አይፈለጌው ውስጥ ገብተን አወጣነው። ቅዳሜ አንድ ቦታ አለ፣ ትመጣላችሁ ወይ ይላል።

«ስጠኝ ልጻፍልህ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለኝ።

«እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«እንመጣለን» አንድ ቃል ናት። «ጣ»ን ፍለጋ ላብ በላብ ሆንኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ላክኋት። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ መልስ መጣ። ወልዴ ጮክ ብሎ ሊያነብልኝ ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት። ራሴ አነበብኩት። «ተመዝግበዋል።»

ዓርብ

የሦስታችን ስምምነት፦ ማንም የሌላውን ደብዳቤ አይጠርግም። ደጃፉን ግን እኔው እጠርጋለሁ። ብርሃኑ ለየራሳችን አድራሻ ሊከፍትልን ነው።

እትዬ ጨርቅ ለሚገዛው ሁሉ «ሽሜ ባይኖር ዓይኔ ቀርቶ ነበር» ትላለች። ለማይገዛውም ትላለች። ወልዴ እኔን አየኝ። እኔ የያዝኩትን ጃንጥላ አየሁ።

ቅዳሜ

ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ «ጫማዎን እዚህ ያውልቁ» የሚለውን አነበብኩላት። «አንበሳ!» አለችኝ። እሷ ስትገባ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አነበብኩ። ከዚያ እንደገና አነበብኩት። ፍርሃት ነው።

ዓይኗ ታሽጎ ወጣች። እስከ ታክሲው ክንዴን ይዛ ሄደች።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

«እያነበብኩ ነው» አልኳት።

እሑድ

ፋሻው ተነሣ። ግቢው መሀል ቆማ የተሰጣውን ልብስ ቀለም በየስሙ ጠራች። ሰማያዊውን ሰማያዊ አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንተ፣ ሸብተሃል እኮ! እንዴት አንድ ሰው አልነገረኝም?» አለች። ሳቅን። ይሄ እውነተኛ ሳቅ ነው።

ቀጥላ «ያን ሁልጊዜ የምትጭርበትን ደብተር አምጣ። የመጀመሪያ ማንበቤ ያንተ እጅ ጽሑፍ ይሁን» አለችኝ።

ክፍሌ ገብቼ ይኸው ተቀምጫለሁ። የማክሰኞን ቅጠል ልገነጥለው ያዝኩት። ደብተሩ ግን መሀሉ ላይ በክር የተሰፋ ነው። ስፌት ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ አንዱን ቅጠል ስትገነጥል ከማዶ ያለው ጓደኛውም ይለቃል። ማክሰኞ ሲወጣ ሐሙስ አብሮ ይወጣል። ያቺን «እኔ ነኝ የምጽፈው» ያልኩባትን ሐሙስ። ተውኩት።

እንግዲህ እትዬ፣ እዚህ ስትደርሺ፦ የማክሰኞው ሳቅ የለም። ሻሽሽም አልተፈታም። ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ እንደዚያ ብለሽ እንድትስቂልኝ ስለፈለግኩ። ያን ዕለት የነገርኩሽ «ስልኩ ዋጠው» ብዬ ነው፣ አንቺም የረገምሽው ስልኩን ነው። ስልኩ የለበትም። መጥረጊያው የኔ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳነበብሽው ነው።

እየጠራችኝ ነው። «ሽሜ! ደብተሩ እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ?»

መጣሁ።